ግፊት አይለካም

የደም ግፊት መለኪያ ማሰሪያ ከክንድ ላይ ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ የጨርቅ መቀደድን ይመስላል። አጭርና ደረቅ ነው፤ ካለፈ በኋላ ክፍሉን ከበፊቱ ይልቅ ጸጥ ያደርገዋል። ይህን ድምፅ ለብዙ ዓመታት ሳልሰማው ኖሬ፣ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ጎሮ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ባለች ጠባብ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሰማሁት። የገባሁት ራሴን አዙሮኝ ነበር። ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ግፊት እንለካለን»። ከወረቀቱ ሥር ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ጠጉሯን በሻሽ የሸፈነች ሴት ትንሽ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። ክንዴን ተቀብላ አሰረችው፤ መሣሪያው አጉረመረመ፤ ቁጥሩ ወጣ፤ ማሰሪያውን አላቀቀችው። በዚያ ድምፅ ውስጥ ወሎ ሰፈር መጣብኝ፤ ጋራዡ፣ የቀለም ሽታው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የነበረችው ክፍሌ፣ በበሯ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት። ቀና ብዬ የሴትዮዋን ፊት ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ግን ቀድማኛለች።

«አላወቁኝም፣ ዶክተር?» አለችኝ።

አውቄያታለሁ። ሲስተር አያንቱ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ከሠራሁበት የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ነርሶች አንዷ። «አወቅሁሽ» አልኳት። አንገቷን ጠምዘዝ አድርጋ፣ ቀኝ ጆሮዋን ወደ እኔ አቅርባ ነበር የሰማችኝ።

ያን ጊዜ ቦሌ ትናንት የነበረው ነገር ዛሬ የማይገኝበት መንገድ ነበር። ሰኞ አጥሩን ታክኬ ያለፍኩት ቪላ ዓርብ ፈርሶ ይጠብቀኛል፤ በምትኩ በባሕር ዛፍ መወጣጫ የታጠረ፣ ግንባሩን ሰማያዊ መስታወት የሚለብስ ሕንፃ ይነሣል። ሴቶች ከታች ሰፋ የሚል ጂንስ ይለብሱ ነበር፤ ወንዶች ሞባይላቸውን እንደ መታወቂያ በአንገታቸው ያንጠለጥላሉ። ከወሎ ሰፈር ተነሥቼ ወደ ቦሌ ድልድይ ስሄድ፣ የአንድን ዘፈን መግቢያ ከመጀመሪያው ሙዚቃ ቤት፣ አዝማቹን ከሁለተኛው፣ መጨረሻውን ከሦስተኛው እሰማ ነበር፤ ቁጭ ብዬ ሙሉውን ሰምቼው አላውቅም፤ ግን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። ማኪያቶ ሦስት ብር ነበር። ሦስት ብር ለነርሶቹ ውድ፣ ለእኔ ርካሽ ነበር፤ በአንድ ጠረጴዛ እንዳንቀመጥ ይህች ልዩነት ትበቃ ነበር። ከተማርኩበት አገር ያመጣሁት ግራጫ የሱፍ ኮትና ጉርድ ነበረኝ። የመንገዱ አቧራ ከጉልበት በታች ቀለሙን ስለሚለውጠው በቦርሳዬ ብሩሽ እይዝ ነበር። ለማን ብዬ እንደማጸዳው ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ማዕከሉ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ የተከራየ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከጋራዡ የመዶሻ ድምፅና የመኪና ቀለም ሽታ ይመጣል፤ ለታመመ አእምሮ የሚመረጥ ጎረቤት አልነበረም። እኔ የተቀጠርኩት ለታማሚዎቹ ሳይሆን ለሠራተኞቹ ነው። የሠራተኞችን የሥራ ላይ ጤና አጥንቼ በዶክትሬት ተመልሻለሁ፤ የሌላውን ጭንቀት ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ሰው፣ እሱን የሚሰማው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል የሚለውን ሐሳብ በሦስት መቶ ገጽ ጽፌዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሐሳቡን ወደደው፤ በማዕከሉ ብሮሹር ላይ የሚያምር መስመር ይሆንለታል። ክፍል ተሰጠኝ። በሩ ላይ «የሠራተኞች የሥነ ልቦና ድጋፍ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ሁለት ወንበሮች፣ በትምህርቱ እንደተባለው ፊት ለፊት ሳይሆን ሰያፍ አድርጌ አስቀመጥኩ። መሐላቸው አንድ ሶፍት አኖርኩ። ተቀመጥኩ።

አራት ወር ሙሉ ማንም አልመጣም። ምክንያቱን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ዘግይቼ ነው የገባኝ። ወደ እኔ የሚያመጣው ደረጃ የሚጀምረው ከሠራተኛ አስተዳደሩ የመስታወት በር ፊት ነው፤ ወደ ላይ የወጣ ሁሉ ይታያል። በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ «እሷንም ጀመራት» የምትባል ወሬ ከምሳ በፊት ተነሥታ ከምሳ በኋላ ግቢውን ትጨርስ ነበር። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሰፈራቸው ውስጥ እንኳ የት እንደሚሠሩ አይናገሩም፤ «ቦሌ፣ አንድ ክሊኒክ» ይላሉ እንጂ የምን ክሊኒክ እንደሆነ አይጨምሩም። በእነዚያ አራት ወራት ከመስኮቴ ሥር የሚሠሩትን መካኒኮች በሙሉ በድምፃቸው ለይቼ፣ የእያንዳንዳቸውን ስም ዐወቅሁ። እነሱ የእኔን አያውቁም ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ሞገስ ናቸው። ጋሽ ሞገስ የክፍል ረዳት ነበሩ፤ ታማሚ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል መያዝ፣ ሐኪም ካዘዘም ማሰር ሥራቸው ነበር። በር የሚሞሉ ሰው ናቸው። ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው እያሹ ደፉ ላይ ቆሙ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶክተር፤ ግፊቴ ሳይጨምር አልቀረም። ቢለኩኝ ብዬ ነው።»

«ግፊት የሚለካው ከታች ነው፤ ነርሶቹ ጋ።»

«እነሱ ጋ ወረፋ ነው።»

ወረፋ እንደሌለ እኔም እሳቸውም እናውቅ ነበር። ከታች በእጅ የሚነፋ መለኪያና ማዳመጫ አስመጥቼ ክንዳቸውን አሰርኩ። «ሲለካ አይነገርም» አልኳቸው፤ መናገር ልኬቱን ያሳስታል።

«ስንቱን አስሬ ዛሬ እኔ ታሰርኩ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግማሽ ላይ ቀረ። «ትናንት ያሰርኩት ልጅ ከልጄ ጋር እኩያ ነው። ጋሽዬ፣ ጋሽዬ እያለ እየጠራኝ ነው ያሰርኩት። ከዚያ ሄጄ ምሳዬን በላሁ። በላሁ እኮ፣ ዶክተር! ርቦኝ በላሁ።»

ማሰሪያው ክንዳቸው ላይ እንዳለ አርባ ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ሶፍቱን አልነኩትም፤ ዓይናቸውን በቆባቸው ነው የጠረጉት። በመጨረሻ ሳላቅቀው ያ የመቀደድ ድምፅ ተሰማ፤ እጅጌያቸውን ወደ ታች መልሰው «ስንት ሆነ?» አሉኝ። ልኬቱን ጨርሶ ረስቼዋለሁ። «ደህና ነው» አልኳቸው። «ተመስገን» ብለው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም መጣ። «ዶክተር ጋ ግፊቴን ልለካ» የሚለው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም የማያፍርበት፣ ማንንም ደረጃ ላይ የማያሳቅቅ ቃል ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው፣ ምንም ያልነካቸው ነርሶች በሳምንት ሁለት ጊዜ ግፊታቸውን ይለኩ ነበር። ክንዳቸው ሲታሰር አንደበታቸው ይፈታል፤ ሰሌዳውና ሰያፎቹ ወንበሮች ያልቻሉትን አንድ የጨርቅ ማሰሪያ ቻለው። የቤቱን ቋንቋም የተማርኩት ያኔ ነው። ታማሚ የመታው ሠራተኛ «ተመታሁ» አይልም፤ «ሰላም ተባልኩ» ይላል። «ዛሬ ደግሞ ማን ሰላም አለሽ?» «ያ የአራት ቁጥሩ። ግን በሁለት እጁ ነው ሰላም የሚለው፤ አስተዳደጉ ጥሩ ነው!» ይሳሳቃሉ። በቀልዱ ውስጥ ግን ጥብቅ ሕግ ነበር፦ የታመመ ሰው መታኝ አይባልም፤ የሚመታው በሽታው ነው።

አያንቱ ከሚመጡት ሁሉ ታናሿ ነበረች። አባቷ በጎሮ በኩል ገበሬ የነበሩ፣ ማሳቸው ሕንፃ ሲሆን እዚያው ማሳቸው ላይ ዘበኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ክንዷን ከመስጠቷ በፊት እጅጌዋን ሦስት ጊዜ፣ እኩል እኩል አድርጋ ታጥፈዋለች። ብዙ አትናገርም ነበር። አንድ ቀን «እዚህ የምወደው እርስዎ ዝም ሲሉ ነው፤ ሌላ ቦታ ሰው ሁሉ ያወራኛል» አለችኝ። ምስጋና መሆኑን ያወቅሁት ከሄደች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰርተፊኬትም ዋንጫም ተሰጥቶኛል፤ የማስታውሰው ግን ያንን ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ሥራ አስኪያጁ የክፍሌን መዝገብ ጠየቀ። የሰዎቹን ምስጢር መጻፍ ስለማልፈልግ መዝገቡ ላይ የነበረው ቀን፣ ግፊትና ቁጥር ብቻ ነው። የክፍል ኃላፊዎች በተሰበሰቡበት ገጹን እየገለጠ አነበበው። «ግፊት። ግፊት። አሁንም ግፊት።» ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። «ዶክተርዬ፣ ባሕር ተሻግረሽ የተማርሽው ይህንን ነው እንዴ? ለእሱማ አንዲት የሰርተፊኬት ልጅ ትበቃን ነበር።» ኃላፊዎቹ ሳቁ። ሳቁ ረጅም አልነበረም፤ ክፋትም የነበረበት አይመስለኝም። መልስ ነበረኝ። መልሱ ግን ሦስት መቶ ገጼ ያልደረሰበትን ነገር ጋሽ ሞገስ በአንድ ቀን ብልሃት እንደደረሱበት፣ በእነዚያ ሰዎች ፊት መናገር ይጠይቀኝ ነበር። አልተናገርኩም። ከሰዓት በኋላ ክፍሌን ዘግቼ ጻፍኩ፤ አትሜም በሩ ላይ ለጠፍኩት፦ «በዚህ ክፍል ግፊት አይለካም። የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚፈልግ ቀጠሮ በጽሑፍ ይጠይቅ።» እንዳይጣመም ጠርዙን በማስመሪያ ለክቼዋለሁ።

በጽሑፍ የጠየቀ የለም። ጋሽ ሞገስ ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ቆባቸውን አንሥተው እጅ ነሡኝ፤ ከዚያ በፊት እጅ ነሥተውኝ አያውቁም፤ እንደ ዘመድ ነበርን። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ፣ አያንቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። በግራ እጇ ጆሮዋን ይዛለች። ወረቀቱን ስታነብ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ዶክተር፣ ግፊት ...»

«ማስታወቂያውን አንብበሻል?»

«አንብቤዋለሁ» አለች። «ጠዋት ሰላም ተብዬ ነበር። ጆሮዬ ላይ።»

ቃሉን ዐውቀዋለሁ። ይህን በትክክል መመዝገብ አለብኝ፤ ቃሉን ካላወቁት አልነበርኩም። መሳቢያዬን ከፍቼ የሥራ ላይ ጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ አወጣሁና ሰጠኋት። «ይህን ሙዪና አምጪ፤ ወደ ጆሮ ሐኪም በደብዳቤ ትላኪያለሽ።» በሁለት እጇ ተቀብላ ቆማ አነበበችው። አንዱ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄም መሞላት አለበት?»

«ሁሉም መሞላት አለበት» አልኳት። የትኛው መስመር እንደሆነ ለማየት ቀና አላልኩም። ስትወርድ ግን አይቻታለሁ፤ ግድግዳውን እየደገፈች ነበር። ሰውን ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደው የጆሮ ውስጠኛው ክፍል እንደሆነ በመጀመሪያው ዓመት ነው የተማርኩት።

ቅጹ አልተመለሰም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሐኪም በስልክ ሠላሳ ሚሊግራም ብሎ ያዘዘውን መድኃኒት አያንቱ ስልሳ ሰጠች። ሠላሳና ስልሳ በስልክ ለደህና ጆሮም ያስቸግራሉ። ታማሚው ሁለት ቀን ተኝቶ ነቃ፤ ምንም አልሆነም። እሷ ግን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበች። እኔ የኮሚቴው አባል ነበርኩ። ለምን እንዳጠፋች ስትጠየቅ «አልሰማሁም» አለች። ሰብሳቢው «አልሰማሁም ደግሞ ምክንያት ሆነ?» አለ። እሷ አንገቷን ጠምዝዛ፣ ቀኝ ጆሮዋን ወደ እሱ አዙራ «አቤት?» አለች፤ አንዱ ሳቀ። ከኮሚቴው ውስጥ ያየሁት፣ ያየሁትንም ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የባለሙያ አስተያየት ስጠየቅ «የትኩረት መቀነስ ይታይባታል» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ጆሮዋ ብጽፍ ቀኑ ይጠየቃል፤ ቀኑ ከተጠየቀ በሩ ይጠየቃል፤ ከበሩ ጋር ወረቀቱ። ፈረምኩ። አያንቱ ጋዋኗን አጥፋ፣ እጅጌውን እኩል እኩል አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

እኔ ግን አደግሁ። ስለ ሠራተኞች ደኅንነት በብዙ አዳራሾች ንግግር አድርጌያለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል። ማዕከሉ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ጋራዡም ቤቱም ፈርሰው በቦታቸው ሆቴል ቆሟል። አንድ ጊዜ ለስብሰባ ገብቼበት ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ ክፍሌ በነበረችበት ከፍታ ላይ አንዲት ወጣት አስተናጋጅ «የማን እንግዳ ነዎት?» አለችኝ፤ የማን እንደሆንኩ አልመጣልኝም። ጡረታ ስወጣ ጎሮ ላይ ገባሁ። ከወጥ ቤቴ መስኮት በለሚ ኩራ በኩል የሚነሡት ሕንፃዎች ይታዩኛል፤ መወጣጫው አሁን ብረት ነው፣ መዶሻው ያው ነው። የበሬ ደወል የሚጮኸው ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ ብቻ ነው። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ልኬት ነው።

ከዚያች የመጀመሪያ ማክሰኞ በኋላ በየማክሰኞው መድኃኒት ቤቷ ሄድኩ። ግፊት የለብኝም። ራስጌዬ ባለው መሳቢያ ውስጥ ከአያንቱ መሣሪያ የተሻለ፣ ከካርቶኑ ያልወጣ መለኪያ አለኝ። እጅጌዬን አጥፌ እቀመጣለሁ፤ እሷ «ግፊት የለብዎትም» ትለኛለች፤ እኔ «ለማንኛውም ብዬ ነው» እላለሁ። ለምን እንደምመጣ ያን ቋንቋ ከተናገረ ሰው የሚሰወር አይደለም። አንድ ማክሰኞ «መሣሪያሽ ጥሩ ነው» አልኳት።

«ጥሩ ነው። ጆሮ አይፈልግም» አለች። በማዳመጫ መለካት ካቆመች ቆይታለች። በዚያ ጠዋት የተቀደደው ታምቡሩ ብቻ ነበር፤ ቶሎ ቢታይ ይድን ነበር። እናቷ የሞቀ ዘይት ጠብ አደረገችበት፤ መገለ፤ ወራት ቆየ። አሁን በግራዋ ምንም አትሰማም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ የሌላ ሰው ካርድ እንደምታነብ አድርጋ ነው። «እርስዎ ያሉበት ሕንፃ የአባቴ የሽንብራ ማሳ ነበር፤ ነግሬዎት ዐውቃለሁ?» ብላ ወሬውን ቀየረች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እኔ መለስኩት። «ቅጹን ለምን አላመጣሽም?»

«ሞልቼው ነበር። አንድ መስመር ነው የቀረኝ።»

«የትኛው?»

«‹ጉዳቱን ያደረሰው ሰው ሙሉ ስም› የሚለው።» ማሰሪያውን እየጠቀለለች ነበር። «ስሙን ብጽፍ ያስወጡት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እናቱ በየቀኑ ብርቱካን ልጣ የምታበላው። እሱ መች መታኝ?»

«ያን መስመር ባዶ መተው ትችዪ ነበር።»

«ሁሉም መሞላት አለበት ብለውኝ!» አለችና ሳቀች። በሳቁ ውስጥ ለእኔ የታሰበ ነገር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ያለፈው ማክሰኞ የምናገረውን ቤቴ አዘጋጅቼ ሄድኩ። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ጠረጴዛዋ አጠገብ አንድ ወንበር አለ፤ ሁልጊዜ በቀኟ በኩል ታስቀምጠዋለች። ሌላ ሰው እየሸኘች ሳለ ወንበሩን አንሥቼ በግራዋ አኖርኩትና ተቀመጥኩ። አየችኝ። ክንዴን አሰረች። «ሲለካ አይነገርም» አለችኝ፤ የራሴው ቃል ነው። ጠበቅሁ። ማሰሪያው ሲላቀቅ ያ ድምፅ ተሰማ፤ እሷ ቁጥሩን ለመጻፍ አጎነበሰች። ያኔ ለግራ ጆሮዋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አልኩት። ቃሉን ዐውቀው እንደነበረ። ወረቀቱን የለጠፍኩት ስለ ተሳቀብኝ እንደሆነ። ኮሚቴው ፊት ጆሮዋን ስታዞር እንዳየሁ። እያየሁ እንደፈረምኩ። አራቱንም ጨረስኩ። በድምፅ ሲባሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋቸው እኔው ነኝ፤ ሌላ የሰማቸው እንደሌለ ዐውቄ ቀለል አለኝ።

አያንቱ ከወረቀቱ ቀና አላለችም። ፊት ለፊቷ ያለው የመድኃኒት መደርደሪያ ግን መስታወት ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኖቿ እኔ ላይ ነበሩ።

«ዶክተር፣ በዚህ በኩል አልሰማም» አለችኝ። «ወንበሩን ያዙሩትና ይድገሙልኝ።»

ተነሣሁ። ቁጥሬ ደህና ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር፤ ከበሩ ማዶ ጎዳናው፣ ከጎኑ ደረጃዬ። ወንበሩን አነሣሁት።